አንድሮሜዳን ትክ ብላችሁ አትዩዋት

አንድሮሜዳ የምትባለውን ጎረቤታችን ጋላክሲ፣ ማለትም ግዙፍ የከዋክብት ስብስብ፣ መጀመሪያ ያየኋት ቀን ተናድጄ ነበር። ጓደኛዬ ቴሌስኮፑን አቁሞ፣ ጎንበስ ቀና እያለ ሩብ ሰዓት ያህል ሲያዞረው ቆይቶ "ና፣ ገብታለች" አለኝ። ዐይኔን ጣል ሳደርግ የሚታየኝ ነገር አንድ ሰው መስታወት ላይ እፍ ብሎ የተወው እንፋሎት ነው የሚመስለው። ግራጫ ነው። ቅርጽ የለው፣ ቀለም የለው፣ ጠመዝማዛ የሚባል ነገር በአጠገቡ አላለፈም።

"ፎከሱን አስተካክለው እንጂ" አልኩት።

"ተስተካክሏል" አለኝ። "እሷው ናት።"

እኔ የጠበቅኩት እኮ የምታውቁትን ፎቶ ነው። መሃሉ ወርቃማ፣ ዳር ዳሩ ሰማያዊ፣ ጥቁር የአቧራ መስመር የዞረበት፣ በየስልኩና በየላፕቶፑ ስክሪን ላይ የሚለጠፈውን። ያንን ጠብቆ እንፋሎት ማየት ያበሳጫል፤ አልዋሽም። "በቃ ይኼው ነው?" ብዬ ሄድኩ። ጓደኛዬም ምንም አላለኝም፤ ለካ ስንቱ ሰው እንዲህ ብሎት ሄዷል።

ጥፋቱ የቴሌስኮፑ እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ዐይናችን ብርሃን አያጠራቅምም። በየቅጽበቱ የደረሰውን አሳይቶን ያልፋል እንጂ ያለፈውን ከሚመጣው ጋር አይደምረውም። ካሜራ ግን ቀዳዳውን ከፍቶ ለሰዓታት መቀመጥ ይችላል፤ ጠብ ጠብ የሚለውን ብርሃን ሰብስቦ ሰብስቦ በመጨረሻ አንድ ምስል ይሰጣችኋል። በዚያ ላይ ጨለማ ውስጥ የምንጠቀምበት የዐይናችን ክፍል ቀለም የመለየት ነገር አያውቅም። ስለዚህ በጨለማ ደብዛዛ ነገር ሁሉ ግራጫ ነው።

ሌላው ደግሞ መጠኗ ነው፤ ይኼኛው በጣም ነው የገረመኝ። አንድሮሜዳ ትንሽ ስለሆነች አይደለም የማትታየው። ስድስት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ብትደረድሩ ነው የእሷን ርዝመት የምታገኙት። እዚያው ሰማይ ላይ ተዘርግታለች፣ በጣም ደብዛዛ ከመሆኗ የተነሳ ግን እኛ የምናየው መሃሏን ብቻ ነው። ቴሌስኮፑም ብዙ ስለሚያጎላ ከዚያ መሃል ላይ ቆርጦ ነው የሚያሳያችሁ። ዝሆንን በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ማለት ነው፤ ግራጫ ነገር ይታያችኋል፣ ዝሆን ግን አይታያችሁም።

እና ይህቺን እንፋሎት ለምን ወደድኳት? ምክንያቱም ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የሰው ልጅ በሙሉ ያየው ይኼንኑ ነው። ፎቶ እስኪመጣ ድረስ አብዛኛው ሰው እኔ ካየሁት ያነሰ እንጂ የበለጠ አላየም። ያ ጭጋግ ሌላ ጋላክሲ መሆኑ ከተረጋገጠ ገና መቶ ዓመቱ ነው። በመሃሉ ስንት ብልህ ሰው አይቷት ተሳስቷል። ሁሉም የተሳሳቱት ደግሞ በአንድ ነገር ነው። ምን እንደምትመስል ሳይሆን ምን ያህል እንደምትርቅ ስላላወቁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በጽሑፍ ከቀሩልን መካከል የቀደመው የፋርሱ የሥነ ፈለክ ሊቅ አብዱራህማን አስ-ሱፊ ነው። በ964 ስለ ቋሚ ከዋክብት ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ "ትንሽ ደመና" ብሎ መዘገባት። በባዶ ዐይኑ። ቴሌስኮፕ የሚባል ነገር ሊመጣ ገና ከ600 ዓመት በላይ ይቀራል። በ1612 ጀርመናዊው ሲሞን ማሪየስ በቴሌስኮፕ አያትና፣ በሌሊት ከስስ ቀንድ ጀርባ የምትታይ የሻማ ብርሃን ትመስላለች አለ። በዚያ ዘመን ፋኖስ የሚሸፈነው በመስታወት ፈንታ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ተፍቆ በሳሳ ቀንድ ነበር። ከዚህ የተሻለ ገለጻ እስካሁን አላጋጠመኝም። ልክ እንደዚያው ናት።

ከዚያ ፈረንሳዊው ሻርል ሜሲየ መጣ። ይህ ሰውዬ ጅራታም ኮከብ አዳኝ ነው። ሥራውን የሚያበላሹበት ደግሞ ጅራታም ኮከብ የሚመስሉ ግን ከቦታቸው ንቅንቅ የማይሉ ጭጋጋም ነገሮች ናቸው። ስለዚህ "እነዚህ እንዳያሳስቷችሁ" የሚል ዝርዝር ማዘጋጀት ጀመረ። አንድሮሜዳ በ1764 ቁጥር 31 ሆና ገባች። ዛሬም ኤም 31 የምትባለው ለዚህ ነው። እስቲ አስቡት፣ በባዶ ዐይን ልናያቸው ከምንችላቸው ነገሮች ሁሉ ግዙፏ የተመዘገበችው "አይደለችም፣ እለፏት" በሚል ዝርዝር ውስጥ ነው።

በርግጥ ልክ የገመተም ነበር። ፈላስፋው ካንት በ1755 እነዚህ ጭጋጎች የራሳቸው ከዋክብት ያሏቸው፣ እንደኛው ጋላክሲ፣ እንደ ፍኖተ ሐሊብ፣ ያሉ ሌሎች ዓለማት ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ጽፏል። ግን ማስረጃ አልነበረውም፤ ግምት ነው። ጥሩ ግምት።

ማስረጃ ሲመጣ ደግሞ ነገሩን ይባስ አወሳሰበው። በ1888 አይዛክ ሮበርትስ የሚባል የዌልስ ሰው ለሰዓታት ብርሃን አጠራቅሞ ፎቶ አነሳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ክንዶቿ ታዩ! የተጠማዘዘ ነገር! አሁን ገባቸው ብላችሁ ታስባላችሁ አይደል? አልገባቸውም። ሮበርትስ ፎቶውን አይቶ፣ ይህ በመወለድ ላይ ያለ አንድ ሥርዓተ ፀሐይ ነው አለ። መሃሉ ፀሐይ ሊሆን ነው፣ ዙሪያው ፕላኔቶች ሊሆኑ ነው። ሰውየው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ቅርብ ናት ብላችሁ ከተነሳችሁ ያ ፎቶ በትክክል እንደዚያ ነው የሚመስለው። ተመሳሳይ ፎቶ ነው፤ ቅርብ ካደረጋችሁት አንድ ፀሐይ ይሆናል፣ ሩቅ ካደረጋችሁት ትሪሊዮን ፀሐይ ይሆናል። ፎቶው ራሱ የቱ እንደሆነ አይነግራችሁም።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1885፣ መሃሏ አካባቢ አንድ አዲስ ኮከብ ቦግ ብሎ ለወራት ቆይቶ ጠፍቶ ነበር። በባዶ ዐይን ለመታየት ጥቂት የቀረው ነበር። ዛሬ ሱፐርኖቫ፣ ማለትም አንድ ኮከብ ሲፈነዳ፣ እንደነበር እናውቃለን። ያኔ ግን እንዲህ ዓይነት ፍንዳታ መኖሩን ማን አውቆ! የሚያውቁት ኖቫ የሚባለውን፣ በጣም ያነሰውን የኮከብ ፍንዳታ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ቀላል ሆነ። ይኼ ተራ ኖቫ ከሆነና ይህን ያህል ከደመቀ፣ አንድሮሜዳ ሩቅ ልትሆን አትችልም። ሩቅ ከሆነች እኮ ያ አንድ ኮከብ የሚሊዮኖችን ፀሐይ ብርሃን መስጠት ነበረበት፣ ይኼ ደግሞ ቀልድ ነው። (ቀልድ አልነበረም። በትክክል የሆነው እሱ ነው።)

በ1912 ቬስቶ ስላይፈር የሚባል አሜሪካዊ ብርሃኗን በየቀለሙ በትኖ ፍጥነቷን ለካ። ወደኛ በሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል እየመጣች ነው። በዚያን ጊዜ ሰማይ ላይ የዚህን ያህል የሚፈጥን ነገር ተለክቶ አያውቅም። የኛ ጋላክሲ አካል የሆነ ነገር በዚህ ፍጥነት ምን ሊያደርግ ይሮጣል? ጥያቄው እየከረረ ሄደ። በ1920 ዋሽንግተን ውስጥ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተሟገቱበት። ሃርሎው ሻፕሌይ ፍኖተ ሐሊብ በጣም ሰፊ ነው፣ ጠመዝማዛዎቹ ጭጋጎችም ከኛው ጋር ያሉ ናቸው አለ። ሂበር ከርቲስ ደግሞ የለም፣ ራሳቸውን የቻሉ ጋላክሲዎች ናቸው አለ። ማንም ማንንም አላሳመነም። ሻፕሌይ ያችን የ1885 ኮከብ እየጠቀሰ ሞግቷል፣ ማለትም በማያውቀው ፍንዳታ ማስረጃ አቅርቧል። በሌላ በኩል ደግሞ ፀሐይ የጋላክሲያችን መሃል አይደለችም ማለቱ ልክ ነበር። ክርክር እንዲህ ነው፤ ልክ የሆነውና ያልሆነው በአንድ ሰው አፍ ይወጣል።

አሁን የምወደው ክፍል መጣ።

ሃርቫርድ የከዋክብት ምርምር ጣቢያ ውስጥ ሄንሪታ ሌቪት የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ በመስታወት ላይ የተነሱ የሰማይ ፎቶዎችን እየመረመረች የከዋክብቱን ድምቀት መመዝገብ ነው። ቴሌስኮፕ ላይ ተቀምጠው ሰማይ የሚያዩት ወንዶቹ ነበሩ፤ ሴቶቹ የተነሳውን ፎቶ ነው የሚቆጥሩት። እሷም ቆጠረች። ትንሹ የማጀላን ደመና በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ድምቀታቸው ከፍ ዝቅ የሚል ኮከቦችን ስትከታተል አንድ ነገር አየች። ከፍ ዝቅ ለማለት ረጅም ጊዜ የሚወስዱት ኮከቦች የበለጠ ደማቅ ናቸው። ያለ ማጭበርበር፣ በሥርዓት። በ1912 የ25 ኮከቦችን ሠንጠረዥ ይዛ ይህን አሳየች።

ይኼ ምን ያደርጋል? አንድ አምፖል በሩቁ አያችሁ እንበል። ደብዛዛ ነው። ትንሽ አምፖል ቅርብ ሆኖ ነው ወይስ ትልቅ አምፖል ሩቅ ሆኖ? አታውቁም። ዋቱ ቢጻፍበት ግን ታውቁ ነበር፤ መቶ ዋት ሆኖ እንዲህ ከደበዘዘ ይህን ያህል ይርቃል ትላላችሁ። ሌቪት ያገኘችው የኮከብን ዋት ማንበቢያ ነው። ኮከቡ ሲያብጥና ሲሟሽሽ፣ ልክ እንደሚተነፍስ ሰው፣ አንዱ ትንፋሽ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ትቆጥራላችሁ፤ ያ ቁጥር እውነተኛውን ድምቀት ይነግራችኋል። ብልኅነቷ የት ላይ ነው ያላችሁ እንደሆነ፣ እነዚያ ኮከቦች ሁሉም አንድ ደመና ውስጥ ስለሆኑ ከኛ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ የደመቀ የሚመስለው በእውነትም ደማቅ ነው ብላ እርስ በርስ ማወዳደር ቻለች።

እነዚህ ኮከቦች ሴፊይድ ይባላሉ። እዚህ ጋ ትንሽ ወጣ ልበል፣ ምክንያቱም ሳልናገር ካለፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። አንድሮሜዳ የሚለው ስም የመጣው ከግሪኮች አፈ ታሪክ ነው፤ እናቷ ካሲዮፒያ በውበት ስትመካ የባሕር አማልክትን አስቆጥታ፣ ልጅቷ ለባሕር አውሬ ልትሰጥ ዐለት ላይ ታስራ ፐርሲየስ ደርሶ ያዳናት ልዕልት። የአባቷ ስም ሴፊየስ ነው፤ ግሪኮቹም "የኢትዮጵያ ንጉሥ" ይሉታል። እነሱ ያንን ስም ከግብፅ በታች ላለው ሰፊ ምድር ሁሉ ነበር የሚጠቀሙበትና ዛሬ ካለው ድንበር ጋር አታምታቱት። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። ሴፊይድ የሚባሉት ኮከቦች ስማቸውን ያገኙት በሴፊየስ ኮከብ ክምችት ውስጥ ካለች አንዲት ኮከብ ነው። የልጅቷን ርቀት የነገረን መለኪያ የአባቷን ስም የያዘ ነው ማለት ነው። ማንም አስቦበት አይደለም፣ እንዲሁ ሆነ።

ወደ ነገራችን። ኦክቶበር 1923፣ ካሊፎርኒያ፣ ማውንት ዊልሰን ተራራ ላይ። ኤድዊን ሃብል በዘመኑ ትልቁ በነበረው፣ የመስታወቱ ስፋት ሁለት ሜትር ተኩል በሆነው ቴሌስኮፕ አንድሮሜዳን እያነሳ ነው። የሚፈልገው ኖቫ ነው። የዚያ ሌሊት የመስታወት ፎቶ ዛሬም አለ፤ ምስሉን ያገኛችሁ ቀን ቀስ ብላችሁ እዩት። ኔጋቲቭ ስለሆነ ሰማዩ ነጣ ያለ ነው፣ ኮከቦቹ ጥቁር ነጥብ ናቸው። ሃብል አዲስ የመሰሉትን ነጥቦች በቀለም ምልክት አድርጎ አጠገባቸው "ኤን" የሚል ፊደል ጽፏል፣ ኖቫ ለማለት። ከዚያ አንደኛዋን ከድሮ ፎቶዎች ጋር ሲያስተያይ፣ ኖቫ አይደለችም። ትደምቃለች፣ ትደበዝዛለች፣ ደግሞ ትደምቃለች። "ኤን" የሚለውን ሰርዞ "ቫር!" ብሎ ጻፈ። ተለዋዋጭ ለማለት ነው። ከነቃለ አጋኖው።

ያች ቃለ አጋኖ ናት የምትገርመኝ። የሳይንስ መዝገብ ላይ ቃለ አጋኖ አይጻፍም እኮ። ግን ሰውየው ገብቶታል፤ ሴፊይድ ናት። አንድ ትንፋሿ 31 ቀን ከግማሽ ገደማ ይፈጃል። በሌቪት መንገድ ሲያሰላው ርቀቷ 900 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ወጣ (አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው)። የኛን ጋላክሲ በጣም ያሰፋው የሻፕሌይ ሒሳብ እንኳን ከዳር እስከ ዳር 300 ሺህ ነው የሚለው። አለቀ። ውጭ ናት። ሃብል ለሻፕሌይ ደብዳቤ ጻፈለት፣ ሻፕሌይም ደብዳቤውን ይዞ "የኔን ዩኒቨርስ ያፈረሰው ደብዳቤ ይኸው" አለ ይባላል። ቢያንስ ሲሸነፍ ያውቃል። ሄንሪታ ሌቪት ግን ይህን አላየችም። በ1921 ሞታለች።

እዚህ ላይ ታሪኩን የሚጨርሱት ብዙዎች ናቸው፤ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው። ምክንያቱም የሃብል ቁጥር ራሱ ስሕተት ነበር! ትንሽ ስሕተት እንዳይመስላችሁ፣ ከግማሽ በላይ ነው የጎደለው። ይህን ያወቀው ደግሞ ዋልተር ባዴ ነው፣ ያውም ጦርነት ባመጣው አጋጣሚ። ባዴ ጀርመናዊ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አሜሪካ ውስጥ የጠላት አገር ዜጋ ሆነ፤ ሌሎቹ ሳይንቲስቶች ወደ ጦር ሥራ ሲሄዱ እሱ ትልቁን ቴሌስኮፕ ብቻውን ይዞት ቀረ ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ የአየር ጥቃት ተፈርቶ ከተራራው ሥር ያለችው ሎስ አንጀለስ መብራቷን ታጠፋ ነበር። ጨለማ፣ ትልቅ ቴሌስኮፕ፣ ወረፋ የለ። የአንድሮሜዳን መሃል፣ እስከዚያን ቀን ጭጋግ ብቻ የነበረውን፣ በየኮከቡ ነጣጥሎ አየው።

ባዴ ከዚያ የተረዳው ከዋክብት ሁለት ዓይነት ትውልድ እንዳላቸው ነው፣ ያረጁና ወጣቶች። ሴፊይዶችም እንደዚያው ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የየአንዱ ዋት ይለያያል። ሃብል የአንዱን አምፖል መለኪያ ለሌላው ነው የተጠቀመው። በ1952 ባዴ ሮም ላይ ይህን ሲናገር አንድሮሜዳ በአንድ ጊዜ በእጥፍ ያህል ራቀች። እሷ ብቻ መች ሆነና፣ ከእሷ ተነስተው የተለኩት ጋላክሲዎች ሁሉ አብረው ራቁ። ዩኒቨርስ በአንድ ስብሰባ እጥፍ ሆነ። ዛሬ ያለው ቁጥር 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው።

ይህ ቁጥር እንደ ቁጥር ምንም አይሰማም፣ አውቃለሁ። እኔን የረዳኝ እንዲህ ነው። ፍኖተ ሐሊብን አንድ ሰሃን አድርጉት፣ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው። አንድሮሜዳ ከሱ ተለቅ ያለች ሰሃን ሆና ስድስት ሜትር ያህል ርቃ ተቀምጣለች። አንድ ክፍል ውስጥ ማለት ነው። ቅርብ ናቸው! ጋላክሲዎች ከስፋታቸው አንፃር ብዙም አይራራቁም። ኮከቦች ግን ሌላ ናቸው። ፀሐይን አንድ ሳንቲ ሜትር ብታደርጓት ቀጣዩ ኮከብ 290 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ እፈልገዋለሁ።

ስለ ብርሃኗ ጉዞ ሁሉም ሰው የሚለውን አልደግምም፤ ዛሬ ማታ የምታዩት ብርሃን ሲነሳ እንደኛ ያለ ሰው አልነበረም፣ በቃ። የሚገርመው ሌላው ነው። አንድሮሜዳ ለኛ ፊቷን ሰጥታ ሳይሆን በጣም ጋደል ብላ ነው የተቀመጠችው፤ አንዱ ጠርዟ ወደኛ ቀርቧል፣ ሌላው ርቋል። በሁለቱ ጠርዞች መካከል ያለው የርቀት ልዩነት ከመቶ ሺህ የብርሃን ዓመት በላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ቅጽበት የምታዩት ምስል የአንድ ጊዜ ምስል አይደለም። የወዲያኛው ጠርዝ ብርሃን ከወዲህኛው ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ የተነሳ ነው፣ ግን እኩል ነው የደረሱት። እንዲህ ሆና የታየችበት አንድም ቅጽበት በእሷ በኩል ኖሮ አያውቅም።

ቬራ ሩቢንን ሳላነሳ ማለፍ ነውር ነው። እሷና ኬንት ፎርድ በ1970 አንድሮሜዳ ስትሽከረከር ፍጥነቷን ከመሃል እስከ ዳር ለኩት። በኛ ሥርዓተ ፀሐይ ሩቅ ያለው ይዘገያል፤ ሜርኩሪ በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር ሲበር ኔፕቱን አምስት ብቻ ነው። አንድሮሜዳ ዳር ላይ ግን የሚዘገይ የለም፤ ከመሃል ርቆም ፍጥነቱ በሰከንድ ከ200 ኪሎ ሜትር አይወርድም። በዚያ ፍጥነት ተበትነው አለማለቃቸው የሚታየው ነገር ሁሉ ተደምሮ ሊይዛቸው ስለቻለ አይደለም። የማይታይ ነገር ይዟቸዋል። ዳርክ ማተር የሚለው ወሬ ከምር መወሰድ የጀመረው በእንዲህ ዓይነት ልኬቶች ነው። ያ እንፋሎት ያልኩት ነገር ውስጥ አብዛኛው ክብደት በምንም ካሜራም የማይታይ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደምትጠብቁት። "አንድሮሜዳ ልትገጨን ነው።" ዩቲዩብ ላይ በየሳምንቱ አንድ አለ፣ ከነአስፈሪ ሙዚቃው። እውነት ነው፣ እየመጣች ነው። ስላይፈር ካገኘው 300 ውስጥ የኛ የፀሐይ ሩጫ ሲቀነስ፣ ሁለቱ ጋላክሲዎች በሰከንድ 110 ኪሎ ሜትር ያህል እየተቃረቡ ነው። ከምድር እስከ ጨረቃ ያለውን በአንድ ሰዓት መጨረስ ማለት ነው። ወደኛ የሚመጣውን ፍጥነት መለካት ቀላል ነው፣ ብርሃኑ ይነግራችኋል። አስቸጋሪው ወደ ጎን የምትሄደው ነው፤ ወደ ጎን ትንሽ ካለች ገጭታን ሳይሆን አልፋን ነው የምትሄደው። በ2012 ሳይንቲስቶች በሃብል ስም በተሰየመው የጠፈር ቴሌስኮፕ ዓመታት የፈጀ ልኬት ይዘው፣ ወደ ጎን የምትሄደው በጣም ትንሽ ስለሆነ በአራት ቢሊዮን ዓመት ገደማ ግጭቱ አይቀርም አሉ። ወሬው የተሰራጨው ያኔ ነው። በ2025 የወጣው ጥናት ግን የጎረቤት ጋላክሲዎችን ስበትና የልኬቱን ስሕተት ሁሉ አስገብቶ ደጋግሞ ሲያሰላው፣ በሚቀጥለው 10 ቢሊዮን ዓመት ውስጥ የመዋሃዳቸው ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው አለ። ሳንቲም እንደ መወርወር። ቪዲዮውን የሠሩት ሰዎች ይህን አላደሱትም።

ቢገጩስ? 290 ኪሎ ሜትሩን አስታውሱ። ኮከብ ከኮከብ ጋር የመላተሙ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጋላክሲዎቹ እንደ ሁለት ጭስ አንዱ በአንዱ ውስጥ ያልፋሉ፣ ቅርጻቸው ይበላሻል፣ ይዋሃዳሉ። መሃላቸው ያሉት ጥቁር ጉድጓዶች ቀስ ብለው ይገናኛሉ፤ የኛው አራት ሚሊዮን ፀሐይ ይመዝናል፣ የእሷ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነው። እኛን ያየን እንደሆነ ግን ፀሐይ ራሷ እየደመቀች ስለምትሄድ፣ አንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን የምድር ባሕር መድረቅ ይጀምራል። ስለዚህ በአንድሮሜዳ ምክንያት እንቅልፍ አትጡ።

በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ የፈጀ የሃብል ቴሌስኮፕ ፎቶ ወጣ፤ ከ600 በላይ ምስል ተገጣጥሞ፣ 2.5 ቢሊዮን ፒክስል። ውስጡ 200 ሚሊዮን ኮከብ በየነጠላው ይለያል። ብዙ ይመስላል፣ ግን ካላት ትሪሊዮን ገደማ ውስጥ ቁንጥር ነው። እያጎላሁ ስገባ አንድ ማታ ሙሉ አለቀብኝ። አንድ ቦታ ላይ ቆምኩና አሸዋ የፈሰሰበት ጨርቅ የመሰለውን ትኩር ብዬ አየሁ። እያንዳንዱ ቅንጣት ኮከብ ነው። ደከመኝና ዘጋሁት።

ልታዩዋት ከፈለጋችሁ፣ ጨረቃ የሌለችበት ማታ ምረጡ፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ማታ ማታ ጥሩ ነው። ወደ ሰሜን ዙሩ። ካሲዮፒያን ፈልጉ፣ አምስት ኮከቦች በዚግዛግ የተቀመጡ፣ ሁለት ሹል ያላቸው። ሾጠጥ ያለው ሹል ወደ አንድሮሜዳ ነው የሚጠቁመው። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ፤ ዐይን ጨለማ ለመልመድ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይፈልጋል፣ አንዴ ስክሪን ካያችሁ ደግሞ ከዜሮ ነው። ቴሌስኮፕ አያስፈልጋችሁም። ተራ ባይኖኩላር ይበልጣል፤ ሰፋ አድርጎ ስለሚያሳይ ሞላላ ቅርጿ ይወጣል። እና ትክ ብላችሁ አትዩዋት። የዐይናችን መሃል ቀን ላይ ጎበዝ ነው፣ ጨለማ ላይ ሰነፍ ነው፤ ደብዛዛ ብርሃን የሚይዘው ዳር ዳሩ ነው። ከአጠገቧ ያለ ኮከብ ላይ ዐይናችሁን ጣሉ፣ ያኔ በጎን ትመጣለች። ፊት ለፊት ስታዩዋት ትጠፋለች።

ባለፈው ጓደኛዬ ቴሌስኮፑን ሲያወጣ አብሮን አዲስ ሰው ነበር። ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና አለ፣ ደግሞ ጎንበስ አለ። "ፎከሱ ልክ ነው?" አለ። ጓደኛዬ ወደኔ ዞሮ ፈገግ አለ። እኔም ባይኖኩላሩን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠሁትና ወደ ሹሉ ኮከብ ጠቆምኩት። ዝም ብሎ ቆየ። ትንሽ ቆይቶ፣

"ቆይ፣ ሁሉ ነገር ይቺ ናት?" አለ፣ ባይኖኩላሩን ሳያወርድ።